መግቢያው ተጽፎ መውጫው የተዘለለ ሥልጣን

ነሐሴ 15 ቀን 2004 ዓ.ም. ማለዳ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን ኅልፈት ሲያረዳ፣ ሕገ መንግሥታችን ሥራ ላይ ከዋለ በቀኑ 17 ዓመት ሞልቶት ነበር። ሕገ መንግሥቱ የጸናው ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ አቶ መለስም በዚያው ሳምንት በእሱ ሥር የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተሰይመዋል። ሰነዱና መሪው አብረው ጀምረው 17 ዓመት አብረው ቆዩ። በሰነዱ ውስጥ አንድ ትልቅ ጉዳይ ሳይጻፍ መቅረቱ ለሁሉም የታየው መሪው ሲያልፉ ነው፦ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሞት ወይም ቢለቅ ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን ያህል ሥልጣን ይተካዋል?

ለዚህ ጥያቄ የሚጠቀሰው አንቀጽ 75 ነው። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖሩበት ጊዜ ተክተዋቸው እንደሚሠሩ ይናገራል። መሪው ለጉባኤ ውጭ አገር ቢሄዱ ወይም ለጥቂት ቀናት ቢታመሙ ይህ ይበቃል። ወንበሩ ጨርሶ ባዶ ሲሆን ግን ተጠባባቂው ሚኒስትር ለሹመት ማቅረብ ይችላሉ? ጦሩን የሚያዙት እሳቸው ናቸው? ምክር ቤቱ ተተኪ ሳይመርጥ ሳምንታት ቢያልፉስ? አንቀጹ ስለዚህ ሁሉ አንድም ቃል የለውም። ነሐሴ ደግሞ ምክር ቤቱ በእረፍት ላይ የሚሆንበት ወር ነው፤ በአንቀጽ 58 መሠረት የሥራ ዘመኑ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜንን ጨምሮ አንድ ወር ሙሉ አገሪቱ በምክር ቤቱ የተመረጠ ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበራትም።

ያ ወር በሰላም አለፈ፤ ተመስገን ነው። ነገር ግን በሰላም ያለፈው የገዥው ግንባር አመራሮች በመካከላቸው ተስማምተው ስለሠሩ እንጂ ሕጉ መንገድ ስላሳያቸው አልነበረም። ባይስማሙ ኖሮ ሁሉም ወገን አንቀጽ 75ን ወደ ራሱ ሲጎትት የሚዳኘው ድንጋጌ አልነበረም።

እንደ እኛ ፌዴራላዊና ፓርላሜንታዊ የሆነችው ሕንድ ይህን ፈተና ደጋግማ አልፋዋለች። ጃዋሃርላል ኔህሩ እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 1964 ሲሞቱ ጉልዛሪላል ናንዳ በዚያው ዕለት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ፓርቲው ተረጋግቶ ሻስትሪን እስኪመርጥም አገሪቱን መሩ። ሻስትሪ በጃንዋሪ 1966 ታሽከንት ላይ በድንገት ሲሞቱ ያው ሰው ያንኑ ሥራ ደገሙት። ኢንድራ ጋንዲ ኦክቶበር 31 ቀን 1984 ጠዋት ተገደሉ፤ በዚያው ዕለት ልጃቸው ራጂቭ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ልጅ እናቱን መተካቱን አላደንቅም። የማደንቀው አገሪቱ ያለ ኃላፊ አንድ ሌሊት አለማደሯን ነው።

የእኛ ክፍተት ዳግም የታየው የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. አቶ ኃይለማርያም መልቀቂያ ማስገባታቸውን ሲገልጹ ነው። የዕለቱ አጋጣሚ ለማነጻጸር የተመቸ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጄኮብ ዙማ ሥልጣን የለቀቁት በዋዜማው ሌሊት ሲሆን፣ የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መልቀቂያቸውን ይፋ ባደረጉበት በዚያው ቀን የኬፕታውን ፓርላማ ሲሪል ራማፎሳን መረጠ። የእነሱ ሕገ መንግሥት ወንበሩ ክፍት ሲሆን በ30 ቀናት ውስጥ እንዲሞላ ያዛል፤ እስከዚያ በተራ የሚተኩትንም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሥራው በአንድ ቀን አለቀ። እኛ መጋቢት 24 ቀን ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ ከስድስት ሳምንት በላይ ጠበቅን።

በእነዚያ ሳምንታት ምን እንደተሠራ ማስታወስ ይገባል። መልቀቂያው ይፋ በሆነ ማግስት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። መልቀቂያ ያስገባ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመራው ካቢኔ፣ መንግሥት በእጁ ካለው ሥልጣን ሁሉ ከባዱን ተጠቀመበት ማለት ነው። አዋጁ የካቲት 23 ቀን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ 88 አባላት ተቃወሙት። የገዥው ግንባርና የአጋሮቹ አባላት ብቻ በተቀመጡበት ምክር ቤት እንዲህ ያለ የተቃውሞ ድምፅ ከዚያ በፊት የተለመደ አልነበረም። የድጋፍ ድምፁም መጀመሪያ 346 ተብሎ ከተነገረ በኋላ ወደ 395 ታርሟል። አዋጁን ለማጽደቅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር የቁጥሩ ልዩነት ቀላል አልነበረም።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው የተከራከረው በድምፅ ቆጠራው ላይ ነው። ከእሱ በፊት መጠየቅ የነበረበት ግን በመሰናበት ላይ ያለ ጠቅላይ ሚኒስትር ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ዓይነት ጉዳይ ጭራሽ ባዳ አይደለም። አንቀጽ 60 ምክር ቤቱ ሲበተን እስከ አዲስ ምርጫ የሚቆየው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማዘጋጀት በቀር አዲስ አዋጅ ማውጣትም ሆነ ነባሩን ማሻሻል እንደማይችል በግልጽ ይከለክላል። ይህ ጥበብ ለተበተነ ምክር ቤት ተጽፎ ለሚሰናበት ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይጻፍ ቀርቷል።

ወንበሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት አንቀጽ 74ን ማንበብ ይበቃል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአስፈጻሚው አካል የበላይ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢና የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ናቸው። ሚኒስትሮችን ለሹመት ያቀርባሉ፤ የውጭ ግንኙነቱን በበላይነት ይመራሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትን ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ኮሚሽነሮችንና የፌዴራሉን ዋና ኦዲተርም መርጠው ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። መንግሥትን የሚዳኘውም ሒሳቡን የሚመረምረውም ሰው ስሙ መጀመሪያ የሚነሳው በእሳቸው ቢሮ ነው።

ይህን ሁሉ ለያዘ ወንበር የተቀመጠው የጊዜ ገደብ አንቀጽ 72 ላይ ያለው ነው፦ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥራ ዘመን የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ነው። ምክር ቤቱ በየአምስት ዓመቱ ይመረጣል፤ ያው ሰው ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል የተባለ ነገር የለም። ሁለት ገጽ ወደ ኋላ መለስ ሲሉ ደግሞ አንቀጽ 70 ይገኛል። የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ለስድስት ዓመት ይመረጣል፤ ከሁለት ጊዜ በላይ ሊመረጥም አይችልም። አምባሳደሮችንና የጦር ማዕረግን ሳይቀር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የሚሰጥ፣ ተግባሩ በአብዛኛው ሥነ ሥርዓታዊ የሆነ ሰው በሁለት ዘመን ተገድቧል። ጦሩንና በጀቱን የያዘው ሰው አልተገደበም። ገደብ የሚያስፈልገው ሥልጣን ባለበት ቦታ ነው፤ አርቃቂዎቹ ገደብ መጻፍ ያውቁ እንደነበርም አንቀጽ 70 ራሱ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ክርክር በአክብሮት አያለሁ፤ ከባድ ክርክር ነውና። በፓርላሜንታዊ ሥርዓት የመንግሥት መሪ ዘመን በሕግ አይገደብም ይባላል። እውነት ነው፤ ጀርመን ውስጥ ሄልሙት ኮልም አንጌላ ሜርክልም 16 ዓመት ገዝተዋል፣ ሕጉም አልከለከላቸውም። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ መሪው በማናቸውም ቀን በምክር ቤቱ ሊወርድ ስለሚችል ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ጀርመኖች ለዚህ አንቀጽ 67ን ጽፈዋል፤ ምክር ቤቱ መራሔ መንግሥቱን የሚያወርደው ተተኪውን በዚያው ድምፅ ሲመርጥ ብቻ ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 1982 ሄልሙት ሽሚት ወርደው ኮል የተተኩት በዚህ መንገድ ነው፤ አንድም ቀን ክፍተት አልተፈጠረም። በሕንድም አታል ቢሃሪ ቫጅፓዬ እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ ድምፅ ልዩነት የምክር ቤቱን አመኔታ አጥተው ወርደዋል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት አራት ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ያወረዱት የገዛ ፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላት ናቸው።

ይህን መከራከሪያ ወደ እኛ አገር ስናመጣው ግን የሚቆምበት መሬት ያጣል። የእኛ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ላይ እምነት ሲያጣ በምን ሥርዓት፣ በስንት ድምፅ እንደሚያወርዳቸው በግልጽ የሚደነግግ አንቀጽ የለውም። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው፣ አንድ ሦስተኛው አባላት ሲጠይቁም ተወያይቶ አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ እንደሚወስድ ይናገራል። እርምጃው መሪውን ማውረድን ይጨምር እንደሆነ ለተርጓሚ ተትቷል። የምክር ቤቱ ስብጥርም ይታወቃል። በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበሮች ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም ጠቀለሉ። በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዙር ውጤት ብልጽግና ፓርቲ ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን አሸነፈ። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ውስጥ መሪውን የሚያወርድ ድምፅ መጠበቅ ዘበት ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ማብራሪያ የሚሰጡበትን ዕለት በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ነገሩን በዓይኑ አይቶታል። አባላቱ ተራ በተራ ይነሳሉ። «አመሰግናለሁ የተከበሩ አፈ ጉባኤ» ይሉና የያዙትን ወረቀት ያነባሉ። በወረቀቱ ላይ የመራጩ ሕዝብ ምስጋና፣ ያላለቀ የአስፋልት መንገድ፣ የውኃ ችግር፣ የዋጋ ንረት በአንድነት ተደርድረዋል። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሳል፤ ጥያቄዎቹ ሁሉ ከተሰበሰቡ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንድ ላይ ረጅም ማብራሪያ ይሰጣሉ። መልሱ ያላጠገበው አባል «የተከበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የጠየቅሁት ይህን አልነበረም» ብሎ ወዲያውኑ የሚነሳበት ዕድል የለም ማለት ይቻላል። በአሠራሩ ውስጥ ጥያቄ አለ፣ መልስም አለ፤ መሞገት ግን የለም። አባላቱን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ከመካከላቸው በቅንነት የሚደክሙ እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን በፓርቲ የዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ተካተው ወንበር ያገኙ ሰዎች፣ ዝርዝሩን የሚያጸድቀው ፓርቲ ሊቀመንበር የሆነውን ሰው ያወርዳሉ ብሎ ማሰብ ከእነሱ ብዙ መጠየቅ ነው።

በ2010ም የአገሪቱን መሪ የለየው የገዥው ግንባር ምክር ቤት እንጂ ፓርላማው አልነበረም። ያ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት፤ ዶክተር ዐቢይ በ108 ድምፅ ሊቀመንበር ሆነው ሲመረጡ የቀረው የፓርላማ ሥነ ሥርዓት ብቻ ነበር።

ስለ ዘመን ገደብ አጥብቄ የምከራከርበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይህኛው ከአንቀጽ ይልቅ ከታሪካችን የሚመጣ ነው። በአገራችን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ ሰዎች እንዴት ከወንበራቸው እንደወረዱ አስቡ። ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ከ1935 እስከ 1950 ዓ.ም. አገልግለው ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንትነት ተዛወሩ። እሳቸው ዕድለኛ ነበሩ። ተከታያቸው ራስ አበበ አረጋይ፣ ጣሊያንን አምስት ዓመት በዱር የተዋጉት አርበኛ፣ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከ13 ዓመት አገልግሎት በኋላ በየካቲት 1966 ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ መልቀቃቸው አላዳናቸውም። ከእሳቸው ቀጥለው ጥቂት ወራት ብቻ ከሠሩት ከልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጋር ሕዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የደርግ ዘመኑ ሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ረጅም ዓመታት በእስር አሳልፈዋል። የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ታምራት ላይኔም እንዲሁ ታስረው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተዋል። አቶ መለስ ወንበሩ ላይ ሳሉ አረፉ።

በሕገ መንግሥቱ ዘመን ሥልጣናቸውን በሕይወት ሳሉ ለተተኪ አስረክበው የወጡት አቶ ኃይለማርያም ብቻ ናቸው። ይህን ያደረጉት ሕግ አስገድዷቸው ሳይሆን በራሳቸው ውሳኔ ነው፤ ስለዚህም ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን የአንድ ሰው ውሳኔ ለሚቀጥለው ሰው ግዴታ አይሆንም። የሚወርድበትን ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ መሪ ተተኪውን አይፈራም፤ ከወረደ በኋላ የሚኖርባት አገር ናትና ፍርድ ቤቱም ፖሊሱም ነፃ ቢሆኑ እሱ ራሱ ይጠቀማል። ቀኑን የማያውቅ መሪ ግን በየዓመቱ ሊተኩት የሚችሉትን እየተመለከተ ይገዛል። እነዚያም መቼ ተራ እንደሚደርሳቸው ስለማያውቁ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። የታኅሣሥ 1953ቱም የሕዳር 1967ቱም ደም የፈሰሰው ሥልጣን በሰዓቱ የሚለቀቅበት ሕጋዊ መንገድ በሌለበት አገር ነው።

«ሕዝብ የሚወደው መሪ ቢመጣስ፣ ለምን በግድ እናወርደዋለን?» የሚለኝ ወዳጅ አይጠፋም። የሚወደድ መሪ አሥር ዓመት ይበቃዋል። በአሥር ዓመት ያልጀመረውን በ15 ዓመት አይጀምረውም፤ የጀመረውን ደግሞ የሚያስቀጥል ሰው ካላፈራ ዋናውን ሥራ አልሠራም።

ገደቡ ግን ሲጻፍ ብልሃት ይጠይቃል። አርመን ለዚህ ጥሩ ትምህርት ናት። ሰርዥ ሳርግሲያን ሁለት የፕሬዚዳንትነት ዘመናቸውን ሲጨርሱ አገሪቱ በማሻሻያ ወደ ፓርላሜንታዊ ሥርዓት ተዛወረች፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ገደብ ወደሌለበት የጠቅላይ ሚኒስትር ወንበር ተሻገሩ። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ በቀናት ውስጥ አስለቀቃቸው። ስለዚህ ገደቡ ሰውየውን መከተል አለበት፤ ወንበሩ ስም ቢቀይር፣ ሥርዓቱ ፕሬዚዳንታዊ ቢሆን፣ አገሪቱን በአስፈጻሚነት የመራበት ዘመን አብሮት መቆጠር አለበት። ማሻሻያው ከመጽደቁ በፊት የተገዛውም ዘመን ጭምር። አይቮሪ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ ሕገ መንግሥት አውጥታ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል በመባሉ አላሳን ዋታራ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሦስተኛ ጊዜ ተወዳደሩ። ጊኒ ውስጥ በዚያው ዓመት አልፋ ኮንዴ ያንኑ አደረጉ፤ በዓመቱ ወታደሮች መጥተው አነሷቸው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንቀጽ 72 ላይ ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን እንደማይቻል ይጻፍ። አንቀጽ 75 ላይ ወንበሩ በሞት ወይም በመልቀቅ ክፍት ሲሆን ምክትሉ በዚያው ዕለት በምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ፊት ቃለ መሐላ ፈጽመው እንዲተኩ፣ ምክር ቤቱም በእረፍት ላይ ቢሆን ተጠርቶ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመርጥ ይደንገግ። ተሰናባች መንግሥት በአንቀጽ 60 ልጓም ይታሰር፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካስፈለገውም የምክር ቤቱን ድምፅ አስቀድሞ ያግኝ። የጀርመኑ ዓይነት የመተማመኛ ድምፅም ይጨመር። ዛሬ ባለው ምክር ቤት ላይሠራ ይችላል፤ ወንበሮቹ በብዙ ፓርቲዎች ሲከፋፈሉ ግን ቀድሞ ተጽፎ ሊገኝ ይገባል።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ሥልጣን በያዙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን በሁለት እንዲገደብ ሕገ መንግሥቱ እንደሚሻሻል ተናግረው ነበር። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ በደስታ የሰማነው ቃል ነው፤ አንቀጽ 72 ግን አሁንም እንደነበረ አለ። ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ሲነሳ ሁልጊዜ ክርክሩ ወደ ባንዲራ፣ ወደ አንቀጽ 39 እና ወደ ክልሎች አከላለል ይሄዳል፤ እነዚያ ዓመታት የሚፈጁ ናቸው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን ግን ብሔርንም ሆነ ክልልን አይነካም። ለአዲስ አበባው የሚበጀው ለጅግጅጋውም ለመቀሌውም ይበጃል።

መንገዱም ክፍት ነው። በአንቀጽ 105 መሠረት እንዲህ ያለው ማሻሻያ የሚጸድቀው የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፉትና ከክልሎች ሁለት ሦስተኛው ሲቀበሉት ነው፤ ዛሬ ካሉት 12 ክልሎች ስምንቱ ማለት ነው። ሐሳቡን ለሕዝብ ውይይት ለማቅረብ ደግሞ አንቀጽ 104 የፌዴራሉን ምክር ቤት ፈቃድ የግድ አይልም። ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ከደገፉት ይበቃል። አራት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ አባሎቻቸውም ለዚህ ረቂቅ ድምፅ ለመስጠት ከአዲስ አበባ የሚጠብቁት ፈቃድ የለም።